ሳጥኑን የሚያወርደው ማነው? የመቃብር ማውረጃ መሣሪያ አሠራር

አሜሪካ ውስጥ ቀብር የሄደ ሐበሻ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። የአፈር ክምር አይታይም፤ በአረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሣር ተሸፍኗል። አካፋና ገመድ ይዘው የሚጠብቁ ጎረምሶችም የሉም። በጉድጓዱ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍሬም ተዘርግቷል፣ በፍሬሙ ላይ ሰፋፊ ቀበቶዎች ተወጥረዋል፣ ሬሳ ሳጥኑም በቀበቶዎቹ ላይ ጋደም ብሎ ይጠብቃል። ጸሎቱ ሲያበቃ አንድ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ትንሽ እጀታ ይነካል። ሳጥኑ ማንም ሳይዘው፣ የሞተር ድምፅ ሳይሰማ፣ ዝግ ብሎ ይወርዳል።

ብዙ ለቀስተኛ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይመስለዋል። በአብዛኞቹ ላይ ግን ሞተርም ባትሪም የለም። ሳጥኑን የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው፤ ከመሣሪያው የሚጠበቀው ይህን ክብደት አለመልቀቅ ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል። ለምን ቀላል እንዳልሆነ ለመረዳት መጀመሪያ በእጅ ሲወርድ የሚሆነውን ማየት ይሻላል።

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የብረት ሬሳ ሳጥን ባዶውን ከ70 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል። አስከሬኑ ሲጨመርበት 160 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል እንበል። አራት ሰዎች በሁለት ገመድ አራቱን ጫፍ ቢይዙ ለእያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ለጎልማሳ ሰው የማይከብድ ነገር ነው። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ግን አራቱም ቀጥ ብለው ቆመው ሲይዙት ብቻ ነው። ማውረድ ሲጀመር እያንዳንዱ ሰው ገመዱን በየተራ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያሳለፈ ይለቃል። ሳጥኑ የማይታጠፍ ግትር ነገር ስለሆነ አንዱ ትንሽ ቀድሞ ከለቀቀ ክብደቱ ለቀሩት ሦስቱ እኩል አይከፋፈልም፤ በሰያፍ ትይዩ የቆሙ ሁለት ሰዎች ላይ ይጫናል። አርባ ኪሎ የያዘ ሰው ሳያስበው ሰማንያ ይደርሰዋል። የቆመው ደግሞ አዲስ በተቆፈረ ጉድጓድ ከንፈር ላይ፣ ሊናድ በሚችል አፈር ላይ ነው። ቀጭን ገመድ መዳፍ ይልጣል። ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ ገመዱን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የሟች ወንድም ወይም ልጅ ነው፤ ሌሊቱን አልተኛም፣ ዓይኑም በእንባ ተጋርዷል።

ሌላም አለ። ሰው ሲጋደም ክብደቱ በሰውነቱ መሀል እኩል አይከፈልም፤ የክብደቱ ማዕከል ከእግር ጫማ ሲለካ ከቁመቱ 55 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ የራስጌውን ገመድ የያዙት ከግርጌዎቹ የበለጠ ይሸከማሉ። ይህን ሳያውቁ ጉልበተኞቹን ግርጌ ያቆሙ እንደሆነ ሳጥኑ በራስጌው በኩል ዘንበል ይላል፣ በውስጡ ያለው አስከሬንም ይንሸራተትና ዝንባሌውን ያባብሰዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ኃይል ብዛቱ ትንሽ ነው። 160 ኪሎ አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ ሊትር ውኃ በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ብቻ ቢያሞቅ ነው። ግን ካመለጠ ያው ሳጥን መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ መፍትሔ የሚሻው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ያችን ትንሽ ጉልበት ረዘም ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማጥፋት፣ አራቱንም ማዕዘን ደግሞ በአንድ ላይ ማውረድ።

ሁለተኛው በብረት ፍሬሙ ይፈታል። ፍሬሙ አራት ማዕዘን ነው፤ የተሠራውም አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ከሚረዝምና ከሚያጥር ቱቦ ነው። የአሜሪካ መደበኛ ሬሳ ሳጥን ርዝመቱ 213፣ ወርዱ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍሬሙ ለዚህም፣ ለሕፃን ሳጥንም፣ ከልክ በላይ ለሰፋም እንዲሆን ይስተካከላል። በግራና በቀኝ ያሉት ረጃጅም ቱቦዎች ይሽከረከራሉ፤ ቀበቶዎቹ የሚጠቀለሉት እነሱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቀበቶ ከግራው ቱቦ ተነሥቶ በሳጥኑ ሥር አልፎ ቀኙ ላይ ይያዛል። ሁለቱ ቱቦዎች ደግሞ በማዕዘኖቹ ላይ በተደበቁ ጥርሳማ ማርሾችና በራስጌ ወይም በግርጌ በኩል በሚያልፍ ዘንግ ተያይዘዋል። አንዱ ሩብ ዙር ከዞረ ሌላውም ሩብ ዙር ይዞራል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። አራቱ ሰዎች በዓይን ጥቅሻና በ«ቀስ! ቀስ!» ጩኸት ሊያመጡት የሚታገሉትን ስምምነት ማርሹ በግዴታ ያመጣዋል።

እዚህ ላይ የሠራተኛው ጥንቃቄ የሚታይበት ነገር አለ። ቀበቶው ቱቦው ላይ ሲጠቀለል ንብርብር ይሠራል፤ ንብርብሩ በበዛ ቁጥር ጥቅሉ ይወፍራል፣ በአንድ ዙር የሚለቀቀውም ርዝመት ይጨምራል። አንዱ ቀበቶ ከሌላው አንድ ዙር በልጦ ወይም ተጣሞ ከተጠቀለለ በዚያ በኩል ያለው የሳጥኑ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ይወርዳል። ሳጥኑ አንገቱን ደፍቶ ሲወርድ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማርሹ ሳይሆን ጠዋት ቀበቶውን የጠቀለለው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የዝግታው ጉዳይ፣ በፍሬን ይፈታል። ለእኔ ከመሣሪያው ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። ከማዕዘኖቹ በአንዱ ወይም በግርጌው በኩል ትንሽ ሳጥን የመሰለች የማርሽ ቤት አለች። የቱቦው መዞር ዝግ ያለ ነው፤ በማርሽ ቤቷ ውስጥ ግን እየተባዛ በውስጥ ያለችውን ትንሽ ዘንግ በጣም በፍጥነት ያዞራታል። በዘንጓ ላይ ሸርተት ማለት የሚችሉ ክብደቶች ተሰክተዋል። በወንጭፍ ውስጥ ያለ ድንጋይ ሲሽከረከር ወደ ውጭ እንደሚገፋ እነዚህም ዘንጓ በፈጠነች ቁጥር ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሲገፉም የፍሬን ሸራውን በዙሪያቸው ካለው ክብ የብረት ቤት፣ ከታምቡሩ፣ ግድግዳ ጋር ያፋትጉታል። ጋራዥ የዋለ ሰው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የሚለየው የሚረግጠው ሰው አለመኖሩ ነው፤ ፍሬኑን የሚይዘው ራሱ ፍጥነቱ ነው።

ውበቱ በቁጥር ይታያል። ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 40 ኪሎ የሚመዝን የሕፃን ሳጥንና 160 ኪሎ የሚመዝን የአዋቂ ሳጥን በአንድ መሣሪያ ቢወርዱ፣ አራት እጥፍ የሚከብደው በሒሳብ ደረጃ የሚፈጥነው በሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ሠራተኛው ሳጥኑን መመዘን፣ ፍሬኑን እንደ ሰውየው ውፍረት ማስተካከል አያስፈልገውም። እጀታዋ ሁለት ነገር ብቻ ታውቃለች፤ ቁም እና ሂድ። መሀል መንገድ ላይ ማቆም ካስፈለገም ያቆማል። ሳጥኑ መሬት ሲነካ ቀበቶው ይላላል፣ የሚጎትተው ክብደት ሲጠፋ ቱቦውም በራሱ ይቆማል። ከዚያ የቀበቶዎቹ አንድ ጫፍ ከመያዣው ይላቀቅና ከሳጥኑ ሥር ተስቦ ይወጣል፤ ለዚህም ሲባል ሳጥኑ ከታች ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ድጋፍ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሠራተኛው በማኖቬላ መልሶ ይጠቀልለዋል፤ መሣሪያው ለሚቀጥለው ቀብር ዝግጁ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሐሳብ በአንድ ሰው አልተወለደም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ቢሮ የሬሳ ሳጥን ማውረጃ ንድፎችን ተራ በተራ መዝግቧል። ከእነዚህ መካከል በተደጋጋሚ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1894 በቁጥር 529,311 የተመዘገበው የአልበርት ሪቻርድሰን ነው። ሪቻርድሰን ጥቁር አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት በ1891 ደግሞ ቅቤ መናጫ አስመዝግቧል። ከቅቤ መናጫ ወደ መቃብር መሄዱ ሊያስገርም ይችላል፣ ግን ሁለቱም በሰው ክንድ ይሠሩ የነበሩ ሥራዎች ናቸው።

መሣሪያ ብቻውን ሰውን እንደማያሳምን ያወቀው ደግሞ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ ነው። በ1784 ለእንጨት ቁጠባና ለጤና ሲል በቪየና ደጋግሞ የሚያገለግል ሬሳ ሳጥን አዘዘ። ሳጥኑ ከሥሩ የሚከፈት በር ነበረው። ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ መያዣው ይለቀቃል፣ በሩ ይከፈታል፣ በጨርቅ የተጠቀለለው አስከሬን ዱብ ይላል፣ ሳጥኑ ለሚቀጥለው ሟች ይመለሳል። በመካኒክ ዓይን ምንም እንከን የለውም። ሕዝቡ ግን ተቆጣ፤ ንጉሡም በወራት ውስጥ፣ በ1785፣ ትእዛዙን ለመሳብ ተገደደ። የቪየና ሰው አስከሬን በጨርቅ መቀበሩን ብቻ አልጠላም፤ መውደቁንም ጭምር እንጂ። ለንደን በሚገኘው የኬንሳል ግሪን መካነ መቃብር ጸሎት ቤት ውስጥ በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ማውረጃ በተቃራኒው ለዝግታው ሲባል የተሠራ ነው፤ በውኃ ግፊት የሚሠራ መድረክ ሳጥኑን ከጸሎቱ ቦታ ወደ ምድር ቤቱ የመቃብር ክፍል ያወርደዋል። የአሜሪካኖቹ ተንቀሳቃሽ ፍሬም የመጣው ይህን ዝግታ ወደ ሜዳ ለማውጣት ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ቅሬታ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ለቀስተኛ ሐበሻ ቅር የሚለው መሣሪያው ራሱ አይደለም፤ «ጨርሰናል፣ ወደ መኪናችሁ ሂዱ» ሲባል ሳጥኑ ገና ከላይ መሆኑ ነው። በብዙ የአሜሪካ መካነ መቃብሮች ልማዱ ይህ ነው፤ ቤተሰብ ይሰናበታል፣ አበባ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ማውረዱና አፈር መመለሱ ከዚያ በኋላ በሠራተኞች ይፈጸማል።

የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብርም እንዲሁ ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1963) በአርሊንግተን ጃንሆይና ሻርል ደጎል ከሌሎች የዓለም መሪዎች ጋር በመቃብሩ ዳር ቆመው ነበር። ባንዲራው ታጥፎ ለባለቤቱ ተሰጠ፣ መብራቱ ተለኮሰ፣ እንግዶቹ ሄዱ። ሳጥኑ ወደ መሬት የገባው ከዚያ በኋላ፣ በአገሬው ሰዓት ከቀኑ 3፡34፣ በእኛ አቆጣጠር 9፡34 ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ያህል ባሕር ተሻግረው ሄደው ግብዓተ መሬቱን ሳያዩ ተመለሱ ማለት ይቻላል።

ያለ መሣሪያው ይህ ልማድ እንዲህ ቀላል አይሆንም ነበር። በገመድ ሲሆን ስንብቱና ማውረዱ አንድ ሥራ ነው፤ ሳጥኑን የተሸከመው ሰው ዝም ብሎ ሊይዘው ስለማይችል ወይ ያወርደዋል ወይ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ፍሬን ያለው ፍሬም ግን ሳጥኑን ለሰዓታት ጉድጓዱ አፍ ላይ ይዞ ይቆያል። ስንብቱን ከቀብሩ መለየት የቀለለው በዚህ ነው። ከተለየ በኋላ መካነ መቃብሮቹ የራሳቸው ምክንያት ጨመሩበት፤ ለቀስተኛው ጉድጓድ ዳር ሲቆም አደጋ ሊደርስ ይችላል፣ ከባድ ማሽን መግባት አለበት፣ የሚቀጥለው ቀብር ሰዓቱ ደርሷል። ለእነሱ ሥራ ይመቻል። ለእኛ ሥርዓት ግን፣ ካህናቱ ባሉበት ሳጥኑ ወርዶ ዘመድ አፈር ካልመለሰ ቀብሩ የተፈጸመ አይመስልም። እዚህ ላይ መሣሪያውን መውቀስ አይገባም ባይ ነኝ፤ ያው ፍሬም ለቀስተኛው ቆሞ እያየም ያወርዳል። መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው፣ መጠየቅ ያለበትም ውል ሲፈረም ነው እንጂ በቀብሩ ቀን አይደለም።

ስለዚህ እድሩ ወይም ቤተሰቡ ከቀብር አስፈጻሚ ድርጅቱና ከመካነ መቃብሩ ጋር ሲነጋገር በግልጽ ቢያስቀምጣቸው የሚበጁ ነገሮች አሉ፤ ሳጥኑ ሲወርድ ቆመን እናያለን፣ አፈር በእጃችን ወይም በአካፋ እንመልሳለን፣ አካፋና ያልተሸፈነ አፈር ይዘጋጅልን፣ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ካለ አሁኑኑ ይነገረን። ክፍያ የሚጠየቅበት ቦታ ስላለ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንዳንድ ቦታ የሚፈቅዱት ለቀስተኛው ራቅ ብሎ እንዲቆም ብቻ ነው፤ ይህም አስቀድሞ ቢታወቅ በቀብሩ ላይ ከሠራተኛ ጋር መጨቃጨቅን ያስቀራል።

ሌላ የሚያደናግር ነገር በጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው የኮንክሪት ሳጥን ነው። ሬሳ ሳጥኑ የሚወርደው በቀጥታ አፈር ላይ ሳይሆን በዚህ ውስጥ ነው፤ ከዚያ አንድ ቶን ገደማ በሚመዝነው በዚህ ኮንክሪት ላይ ክዳኑ በማሽን ይጫንበታል። የማሽኑ ጩኸት ለቀስተኛውን ከሚያርቁት ምክንያቶች አንዱ ነው። ዋናው ጥቅሙ ሳጥኑ በጊዜ ብዛት ሲበሰብስ ከላይ ያለው መሬት እንዳይሰምጥ መከላከል ነው፤ ሣር በማሽን ለሚያጭድ መካነ መቃብር ትልቅ ጉዳይ ነው። ሕግ ያስገድዳል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ግን ተጠንቀቁ። ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ፌዴራል የቀብር አገልግሎት ደንብ፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሕግ ይህን መያዣ እንደማያስገድድ፣ ብዙ መካነ መቃብሮች ግን በራሳቸው ደንብ እንደሚጠይቁ ለገዢው በጽሑፍ እንዲነገረው ያዛል። ዋጋውም ከመግዛታችሁ በፊት በዝርዝር ሊቀርብላችሁ ይገባል።

መሣሪያው ጭራሽ የማያስፈልግበት ቀብርም ብዙ ነው። በእስልምና ሥርዓት አስከሬኑ በከፈን ተጠቅልሎ ያለ ሳጥን ይቀበራል፤ ቤተሰብ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በእጁ ተቀብሎ ያሳርፈዋል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም የሚታየው ይኸው ነው። እስራኤል ውስጥ የአይሁድ ቀብር ከወታደራዊ ሥርዓት በቀር በአብዛኛው ያለ ሳጥን ስለሆነ ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተሰቦችም የሚያዩት ቃሬዛና ከፈን ነው። የአገራችንም ገጠር በሰሌን የተገነዘ አስከሬን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚቀብር እንጂ ከባድ ሳጥን የሚያውቅ አልነበረም።

ከባዱ ሳጥን ከቤት የገባው በሁለት በር ነው፤ በከተማ ልማድና በቦሌ። ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጣ አስከሬን በታሸገ ብረት ወይም ብረት በተለበጠ ሳጥን ስለሚላክ ከአገር ቤቱ የእንጨት ሳጥን እጅግ ይከብዳል፤ እዚህ ደርሶ ግን የሚወርደው በዚያው በገመድ ነው። ለዚህ ቀን የተመደቡ የእድር ጎረምሶች ከላይ ካየነው መካኒክ መበደር የሚችሉት አለ። አራት ሰው ሳይሆን ስድስት ወይም ስምንት ይቁም፣ ጠንካሮቹ ራስጌ ይሁኑ። ቀጭን ሲባጎ ትቶ ዕቃ ማሠሪያ ሰፊ ቀበቶ ቢገኝ መዳፍ አይልጥም። በጉድጓዱ ሁለት ረጅም ጎን ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ፤ ጣውላው የሚቆሙትን ሰዎች ክብደት አፈሩ ላይ ይበትነዋል፣ ገመዱ በጠርዙ ላይ ታጥፎ ሲወርድ ደግሞ ፍትጊያው የክብደቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ይይዝላቸዋል። «ልቀቅ» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም ገመድ አይያዝ፤ ቆሞ የሳጥኑን ሁለት ጫፍ ይመልከት፣ የዘገየውን ወገን በስም ይጥራ። ከታች ደግሞ ሁለት አጫጭር እንጨቶች በጉድጓዱ ወለል ላይ በአግድም ቢቀመጡ ሳጥኑ ካረፈ በኋላ ገመዱ ሥሩ ተጣብቆ አይቀርም፤ አንድ ሰው ወርዶ ሳጥኑን ማነቃነቅም አያስፈልገውም።